አባቴን ያናገረችው ማይክ

የዲጄነት ትምህርቴን የጨረስኩት በእህቴ ሰርግ ላይ ነው። ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታት እንደ ሥራ አትቁጠሩልኝ፤ እንደ ጩኸት ቁጠሩልኝ። በዚያ ዘመን በፍኖተ ሰላምና በዙሪያዋ ሰርግ ተጠርታችሁ ጆሯችሁ እየጮኸ ወደ ቤታችሁ የተመለሳችሁ ካላችሁ፣ ዲጄው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ይቅርታውን ከታሪኩ ጋር አብራችሁ ተቀበሉኝ።

ስሜ ሙሉቀን ነው። መናኸሪያው አጠገብ፣ ከስልክ ጥገና ቤት ጎን፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችኝ። በሯ ላይ «ዲጄ ሙሌ ሳውንድ» የሚል ጽሑፍ፣ ከጽሑፉ በታች ደግሞ ጥቁር መነጽር ያደረግሁበት ፎቶ ተሰቅሏል። በሥራዬ የማምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የጮኸ ያሸንፋል። ስፒከር ስገዛ ቁመቱን አያለሁ እንጂ ድምፁን አላዳምጥም። ዘፈን የምሰበስበውም ካገኘሁበት ነው። አንዱ ከስልክ ወደ ስልክ ሲንከራተት የኖረ ነው፤ ሌላው ከቪዲዮ ላይ ተገንጥሎ የወጣ፤ ሌላው ቦታ እንዳይፈጅ ተጨምቆ ተጨምቆ አጥንቱ የቀረ። መሐላቸው ላይ የሌላ ዲጄ ስም የሚጠራባቸው ሁሉ ነበሩኝ። ያ ቦታ ሲደርስ ቶሎ ብዬ ማይክ አነሳና የራሴን ስም እጮህበታለሁ።

አባቴ ሥራዬን አይወደውም ነበር። አይወደውም ስል ይቆጣል ማለቴ አይደለም፤ አባቴ ነገር የሚነካው ከጎኑ ነው። ሰው «አያ አለኸኝ፣ ልጅዎ ምን ይሠራል?» ብሎ ሲጠይቀው፣ «ፍኖተ ሰላም ነው» ብሎ ይመልሳል። የት እንዳለሁ የተጠየቀ ያስመስለዋል። ጠያቂው ከደገመበት «አዎ፣ ፍኖተ ሰላም ነው ያለ» ይልና ወሬውን ወደ ዝናቡ ይወስደዋል። እኔም አጠገቡ ቆሜ ይህን መልስ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ እንዳልሰማ ሆኜ አልፈዋለሁ፤ ግን ይቆጠቁጠኝ ነበር።

አባቴ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ባለች መንደር የሚኖር ገበሬ ነው። በአካባቢው የሚታወቀው በድምፁ ነበር። ማዶ ያለ በሬ ጠርቶ ይመልሳል ይሉታል። ሽምግልና ተቀምጦ እሱ ከተናገረ ከኋላ ያለ ሰው አልሰማሁም አይልም። የሰርግ ምርቃትም የሱ ነበር። በኋላ ግን አንገቱ ላይ አብሮት የኖረው እንቅርት ትንፋሽ ሲከለክለው ቀዶ ጥገና ተደርጎ ወጣለት። ሐኪሞቹ ድምፁ ሊጎዳ እንደሚችል አስቀድመው ነግረውት ነበር፤ እንዳሉትም ሆነ። ጤናው ተመለሰ፤ ከድምፁ የቀረለት ሹክሹክታ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ሽምግልና ቢጠሩት አይሄድም። ሰርግ ላይ «ይመርቁ እንጂ» ሲሉት ራሱን ይነቀንቅና በአገጩ ወደ ጎረቤታችን ወደ አያ ደምሌ ያመለክታል።

አያ ደምሌ ክፉ ሰው አይደሉም። ድምፃቸው ወፍራም ነው፤ ጊዜም አላቸው። ምርቃት ሲጀምሩ ከሙሽሮቹ ይነሱና ወደሚወለዱት ልጆች፣ ከልጆቹ ወደ መንደሩ ከብት፣ ከከብቱ ወደ ዝናቡ፣ ከዝናቡ ወደ ማዳበሪያው ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ በወሰን የተጣላቸውን ጎረቤት ስሙን ሳይጠሩ በምርቃት መሐል ሲወቅሱት ሰምቻለሁ። ሕዝቡም በለመደው አፉ «አሜን» ብሏል፤ የተወቀሰው ሰውዬ ጭምር።

እህቴ ትርንጎ ቡሬ ላለ ልጅ ልትዳር ነገሩ ባለቀ ሰሞን፣ አባቴ ያልጠበቅሁትን አደረገ። ፍኖተ ሰላም ድረስ መጥቶ የክፍሌ በር ላይ ቆመ። ከዚያ በፊት ገብቶባት አያውቅም። ፎቶዬን ረጋ ብሎ አየ፤ ከዚያ ጥቁር መነጽሬ ላይ ዓይኑን ተክሎ፣

«ፀሐይ ይበዛበታል እንዴ ሥራው?» አለኝ።

ወንበር ሰጠሁት። አልተቀመጠም። ስፒከሮቹን ዞሮ አያቸው፤ አንዱን እንደ በሬ ጀርባ መታ መታ አደረገው።

«ይኼ ነገር የኔን ድምፅ ያወጣዋል?» አለ በዚያ ሹክሹክታው።

«ኧረ አባ፣ አንቱ ደግሞ! ሽንዲ ድረስ ነው የሚሰማ።»

«ሽንዲ ምን ያደርግልኛል። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ይስማኝ እንጂ። ልጄን ራሴ ልመርቃት ብዬ ነው።» ስፒከሩን ደግሞ መታ አደረገና፣ «ደምሌ ከመረቃት፣ ምርቃቱ ሳያልቅ ትወልዳለች» ሲል ጨመረ።

እኔ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ልጁን ሲድር አፉን ዘግቶ ሌላ ሰው እንዲመርቅለት መቀመጥ ለአባቴ ውርደት ነበር፤ ይህን ለማምለጥ ነው ከእኔ ደጅ የመጣው። ቃል ገባሁለት። አባቴ ከእኔ ሙያ ሲፈልግ ይህ የመጀመሪያው ነበርና ደስታው ልቤን ነፋው።

ልብ ሲነፋ ግን ጭንቅላት ይጠብባል መሰለኝ። ሹክሹክታን ለማሰማት ትልቅ ስፒከር ያስፈልጋል ብዬ ደመደምኩ። ባሕር ዳር ሄጄ እስከ ደረቴ የሚደርስ፣ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ የቤዝ ሳጥን ገዝቼ መጣሁ። ዛሬ ሳስበው፣ ለሹክሹክታ ቤዝ መግዛት ራሱን ላመመው ሰው ጫማ እንደ መግዛት ነው። ማይክ ግን አልገዛሁም። የነበረችኝ አሮጌ ማይክ በፕላስተር የተጠቀለለች፣ ስትያዝ የምትሠራ፣ ስትለቀቅ የምትጠፋ ነበረች። እሷ ትበቃለች አልኩ።

ሰርጉ በጥር ነበር። ዳሱ ከቤታችን ፊት ለፊት በባሕር ዛፍ እንጨት ቆሞ፣ በሸራ ተሸፍኖ ነበር። በማለዳ ደርሼ ጄኔሬተሩን ከጓሮ አስነሳሁና ስፒከሮቼን በዳሱ በር ግራና ቀኝ፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙሬ ተከልኳቸው።

ለምን ወደ መንገዱ እንዳዞርኳቸው ልንገራችሁ። በእኛ አገር ሰርገኛው ሲመጣ የሴቷ ወገን በሩን ይዘጋል። የሴቷ ወገን እየዘፈነ ይከለክላል፤ የወንዱ ወገን እየዘፈነ ያስከፍታል፤ ግጥም ያለቀበት ይሸነፋል። ታዲያ የወንዱ ወገን ከቡሬ ዲጄ ይዞ ይመጣል ሲባል ሰምቼ ነበርና፣ በሩን ዘንድሮ እኔ በስፒከር እዘጋዋለሁ ብዬ ፎከርኩ። በእኛ በኩል ግጥም አውራጇ አክስቴ የኔነሽ ነበረች። ስታዘጋጅ የከረመቻቸውን ግጥሞች እየደጋገመች በሩ ላይ ቆማለች። እሷን ማማከር እንኳ ትዝ አላለኝም።

ሰርገኛው በሚኒባስና በጭነት መኪና ጡሩንባ እያስነፋ ደረሰ። ከጭነት መኪናው ላይ ሁለት ትናንሽ ስፒከሮች ወረዱ፤ ቀጥሎ ረጃጅም ማቆሚያዎች፤ ቀጥሎ ከሱሪዋ ላይ ነጠላ ያሸረጠች ልጅ። የቡሬዋ ዲጄ ማስቲ እሷ ነበረች፤ ሙሉ ስሟ ማስተዋል ነው። ስፒከሮቿን አይቼ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

«ታላላቆቻቸውን ቤት ትተሻቸው ነው የመጣሽ?» አልኳት።

የእኔን የቤዝ ሳጥን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ይኼስ፣ ሰው ተከራይቶ ይኖርበታል?» አለችኝ።

በመልስ ፋንታ ድምፁን ጨመርኩ። እሷ ለወንዱ ወገን ግጥም አውራጅ ማይክ ሰጥታ ዘፈናቸው ተጀመረ። እኔ ጨመርኩ። የድምፅ ማቀላቀያ ሚክሰሬ ላይ አረንጓዴ የነበሩት መብራቶች ቢጫ ሆኑ። አሁንም ጨመርኩ፤ ቀይ ሆኑ። በዚያ ዘመን ቀይ መብራት ለእኔ ጨዋታው ደራ ማለት ነበር። የዳሱ ሸራ ይንቀጠቀጣል፤ ዶሮዎች ጓሮ ገብተዋል፤ የታሰረ በቅሎ ገመዱን በጥሶ ወደ ወንዙ ወርዷል። ማስቲ የራሷን ስፒከር ጭራሽ አጠፋችና አንዱ ላይ ተቀምጣ ቆሎ መብላት ጀመረች። አሸነፍኩ አልኩ።

አንድ ሰው ጆሮዬን ሲይዘኝ ዞር አልኩ። አክስቴ የኔነሽ ናት። አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ምንም አይሰማም። ድምፁን ትንሽ ቀነስኩላት።

«የኔን ግጥም ዋጥኸው እኮ!» አለችኝ። «ማን ወገን ነህ አንተ? እኛ እዚህ አፋችንን እየከፈትን እየዘጋን እንደ ዓሣ ቆመናል። ከቡሬ የመጣው ሰው መቼ ሰማን?»

«እትዬ፣ በሩን እየዘጋሁልሽ እኮ ነው።»

«በሩን ሳይሆን አፌን ነው የዘጋኸው።»

ይህን እየተባባልን በስተቀኝ ካለው ስፒከር «ትስስ» የሚል ድምፅ ወጣና የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። ዘፋኙ ከቀኝ በኩል ጠፋ። ገመድ ነው ብዬ የግራውን አብዝቼ ከፈትኩት። እሱም ትስስ አለ። ከዚያ ዘፋኝ የለ፣ መሰንቆ የለ፣ የቤዝ ሳጥኑ ብቻውን «ዱም፣ ዱም፣ ዱም» ይል ጀመር። እሱንም አጠፋሁት።

ጸጥታው ሲመጣ ማስቲ ቆሎዋን አራግፋ ተነሳች፤ ስፒከሮቿንም ከፈተች። የወንዱ ወገን አውራጅ ድምፅ ልክ አጠገባችን ቆሞ እንደሚያወራ ሰው ጥርት ብሎ መጣ። አክስቴም በባዶ ጉሮሮዋ፣

«ከቡሬ ድረስ በመኪና መጥታችሁ፣
ከደጅ ነው ዛሬ ማደሪያችሁ»

ብላ ልትመክት ሞከረች። ግን ከእኔ ስፒከር በላይ ልትሰማ ስትጮህ ድምፏ አልቆ ነበር። በሩ ተከፈተ። ሙሽራው ሲገባ የኛ ሴቶች የተቆጡት እሱን ሳይሆን እኔን ነበር።

በር መሸነፍስ ጨዋታ ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነው፤ የአባቴ ምርቃት። ሰዉ ሲበላ እኔ ከስፒከሮቹ ኋላ ተንበርክኬ ገመድ እነቅላለሁ፣ እሰካለሁ፤ ምንም የለም። ያችን ፕላስተር የለበሰች ማይክ ወደ ቤዝ ሳጥኑ ሰክቼ «አንድ፣ ሁለት» ስል ጉድጓድ የገባ በሬ የሚያጓራ የመሰለ ነገር ወጣ። አጠገቤ ትበላ የነበረች ሴትዮ አማተበች።

አባቴ ከፊት ተቀምጧል፤ አዲስ ጋቢ ለብሷል። በዓይኑ ፈለገኝና በአገጩ «ዝግጁ ነህ?» አለኝ። ጭንቅላቴ ሳላዘው ተነቀነቀ። ከአባቴ ቀጥሎ አያ ደምሌ ጠላቸውን ይዘው፣ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«ምናልባት ካስፈለገ ብዬ ነው» ይላሉ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም።

በዚህ መሐል ማስቲ ለምግቡ ሰዓት የሚሆን ዘፈን ለስለስ አድርጋ ለቀቀች። ያ ዘፈን በእኔም ላፕቶፕ ላይ አለ፤ ስንት ሰርግ ላይ አጫውቼዋለሁ። ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር። እሷ ጋ መሰንቆው ላይ ደጋኑ ጭራውን ሲፈትገው ይሰማል፤ ዘፋኙ ከስንኙ በፊት አየር ሲስብ ይሰማል። እኔ ጋ መሰንቆው ጠርሙስ ውስጥ የገባ ንብ ነው። ገመዱን ከእጄ ጣልኩና ወደ እሷ ሄድኩ።

«ማስቲ፣ ምሳ በላሽ?»

«በላሁ። የምትፈልገውን ተናገር፤ ሳይመሽብን መነሳት አለብን።»

ነገርኳት። እንቅርቱን፣ ሹክሹክታውን፣ አያ ደምሌን፣ የገባሁትን ቃል፣ ሁሉንም። እያዳመጠችኝ ፊቷ ተለወጠ።

«አባትህ በሹክሹክታ ነው የሚናገሩት?»

«አዎ።»

«እና ለሹክሹክታ ነው ይኼን ጎተራ የገዛኸው?»

የቤዝ ሳጥኔን ዞሬ አየሁት።

«አደርገዋለሁ» አለች። «ግን አንተ ምንም አትነካም። እጅህን ኪስህ ትከታለህ።»

እጄን ኪሴ ከተትኩ። እጄን ኪሴ ከትቼ ያየሁት፣ እጄን አውጥቼ ከሠራሁባቸው ዓመታት የበለጠ አስተማረኝ። መጀመሪያ ስፒከሮቿን ከአባቴ ፊት ለፊት አንቀሳቅሳ ፊታቸውን ወደ ሰዉ አዞረቻቸው፤ አባቴ ከኋላቸው ቀረ። «ማይክ የራሱን ድምፅ ከስፒከር መልሶ ከሰማ ያፏጫል» አለችኝ። ቤዙን ቆረጠችው። «በእሳቸው ድምፅ ውስጥ ቤዝ የለም፤ ከከፈትኩት የሚገባው ንፋስና የጄኔሬተር ጉርምርምታ ነው።» የላፕቶፗን ቻርጀር ነቀለችው፤ ሳላስተውለው የኖርኩት «ህምምም» የሚል ነገር ድንገት ጠፋ። በሰርጎቼ ሁሉ ያ ህምታ ነበር፤ እኔ የጄኔሬተሩ ዜማ ነው ስል ኖሬያለሁ።

አንድ ሙያዊ ሐሳብ ላዋጣ ብዬ፣ «ትንሽ ኢኮ ብትጨምሪበት፣ ድምፁን እየደጋገመ ግርማ ይሰጠዋል» አልኳት።

«ሊመርቁ ነው ወይስ ገደል ለገደል ሊጣሩ?» አለችኝ።

ዳግመኛ ሐሳብ አላዋጣሁም። ከሻንጣዋ ቁንጥጫ የምታህል ማይክ አወጣችና ወደ አባቴ ሄዳ በአክብሮት እጅ ነሳች። ማይኳን ከጋቢው ጥለት ላይ፣ ከአገጩ ሥር ቆነጠጠቻት፤ ሽቦ የተያያዘባትን ትንሽ ሳጥን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

«አባ፣ ይች መብራት አረንጓዴ ስትሆን ሰው ሁሉ ይሰማዎታል። ቀይ ስትሆን ዝግ ነው። እዚህ ጋ ነው የሚጫኑት።»

«ይች ናት የምታናግረኝ?» አለ አባቴ።

«እርስዎ ነዎት የሚናገሩ። እሷ ታቀብላለች።»

አባቴ ሳጥኗን ገልብጦ አያት፤ ደስ ያለው መሰለኝ።

ሙሽሮቹ ቀርበው ተንበረከኩ። ዳሱ ዝም አለ። አባቴ ተነሳና አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየን፤ ምንም የለም። እንደገና ሞከረ፤ ምንም የለም። ከኋላ ማጉረምረም ተጀመረ። ትርንጎ ቀና ብላ እኔን አየችኝ። እጆቼ ኪሴ ውስጥ ላብ አጠመቃቸው። አያ ደምሌ ጠላቸውን ለጎረቤታቸው አቀብለው ጭራቸውን እያነሱ፣

«እንግዲህ እኔ ልጀምር?» አሉ።

የአባቴን ፊት አልረሳውም። ወንድ ልጅ ከሰው ፊት እንዲህ ሲያፍር ማየት ከባድ ነው። ማስቲ ግን ከተቀመጠችበት ሳትነሳ መዳፏን ገልብጣ በጣቷ ጠቆመችለት። አባቴ ወደ እጁ አየ። መብራቷ ቀይ ናት። በአውራ ጣቱ ተጫናት።

«... ደምሌ፣ ተቀመጥ።»

ከዳሱ ዳር እስከ ዳር ተሰማ። የጮኸ ነገር የለም፤ ያው ሹክሹክታው ነው። ግን እያንዳንዱ ሰው አባቴ ጆሮው ሥር ተንበርክኮ የሚያወራው ይመስል ነበር። አያ ደምሌ ተቀመጡ። ከኋላ ሆነው ያጉረመርሙ የነበሩት አንገታቸውን አሰገጉ።

«ልጄ» አለ አባቴ። «ውለጂ፣ ክበጂ።»

«አሜን።»

«እጅሽ የነካው ይባረክ። ጎታሽ አይጉደል።»

«አሜን።»

ቆም አለ። ትንፋሹ ሲገባና ሲወጣ ሁላችንም ሰማነው።

«ስትናገሪ የሚሰማሽ አይጥፋ።»

እዚህ ላይ አሜኑ ቶሎ አልመጣም። ሰው መጀመሪያ መሐረብ ፈለገ። ቀጥሎ የመጣው አሜን ግን ከእኔ የቤዝ ሳጥን ይልቅ ሸራውን አንቀጠቀጠው። እኔም አለቀስኩ፤ እጄ ኪሴ ውስጥ ስለነበር እንባዬን በትከሻዬ ጠረግሁ።

ምርቃቱ አጭር ነበር። አባቴ የልጆቹን ግንባር ሳመና በዳሱ ጀርባ በኩል እናቴ ወዳለችበት ወደ ጓዳ ገባ። ማስቲ ቀጣዩን ዘፈን ልትለቅ ጎንበስ ስትል ከስፒከሮቹ እንዲህ የሚል መጣ፤

«ሰማሽኝ?»

አባቴ ነው። ማይኳ ደረቱ ላይ ናት።

«ሰማሁህ እንጂ። ድፍን አገር ሰማህ» አለች እናቴ።

«ደምሌን አየሽው? ጭራውን እንዳነሳ ደርቆ ቀረ።»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። አያ ደምሌ መጀመሪያ ወደ ሸራው አዩ፣ ከዚያ ወደ ጭራቸው አዩ፣ ከዚያ እሳቸውም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

«ምን ያስቃቸዋል?» አለ አባቴ በስፒከሩ።

«ሰርግ አይደል፤ ይሳቁ እንጂ።»

ማስቲ ጣቷን የማይኳን ድምፅ ወደሚዘጋው ቁልፍ ወሰደች። እኔን አየችኝ። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ የገባሁትን ቃል አላፈርስም። ጣቷን ቀስ ብላ መለሰችው።

«ማታ ማታ በሩን እሷ ነበረች የምትዘጋው» አለ አባቴ። «አሁን ማን ሊዘጋው ነው?»

ትርንጎ ከሙሽራው ጎን ሆና ፊቷን በቬሏ ሸፈነች።

«ያ ልጅስ?» አለ እንደገና።

«የቱ ልጅ?»

«ያንቺው ነዋ። ፍኖተ ሰላም ያለው።»

ዳሱ ውስጥ ያለ አንገት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የምገባበት ጠፋኝ።

«ስፒከሩን አቃጠለው አሉ» አለች እናቴ።

«ይቃጠል። ተቀናቃኙ ዘንድ ሄዶ ለምኖ፣ ተማሪ መስሎ ቆሞ፣ ድምፄን አመጣልኝ። ከእንግዲህ ልጅህ ምን ይሠራል ያለኝን፣ ድምፅ ነው የሚሠራ እለዋለሁ።»

ከስፒከሩ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ማይኳ ተዘጋች።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ምን እንደተለወጠ ልንገራችሁ። ፍኖተ ሰላም እንደተመለስኩ ላፕቶፔ ላይ ያሉትን ዘፈኖች በጆሮ ማዳመጫ አንድ በአንድ ሰማሁ፤ ንብ የሚመስለውን ሁሉ አጠፋሁ። የተረፈው ጥቂት ነበር። እናንተም ይህን ሥራ የምትሞክሩ ከሆነ፣ ዘፈን ከስልክ ወደ ስልክ አትልቀሙ፤ ከዋናው ምንጭ ጥራት ያለውን ውሰዱ። የተጨመቀ ድምፅ በትልቅ ስፒከር ሲወጣ ጉድለቱም አብሮ ይተልቃል እንጂ አይሻሻልም። ቀይ መብራት ካያችሁ ቀንሱ። የእኔን ስፒከሮች ያቃጠለው ከልክ ያለፈው ድምፅ ነው፤ ከልክ ሲያልፍ የድምፁ ሞገድ ጫፍ ይቆረጣል፣ ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣዋን ትንሿን ክፍል መጀመሪያ ይገድላታል። ከትልቅ ሳጥን በፊት ጥሩ ማይክ ግዙ። ደግሞ ተነሱና ሰዉ የሚቀመጥበት ቦታ ሄዳችሁ ስሙት። እኔ ዓመታት ሙሉ ከስፒከሩ ኋላ ቆሜ ሰርጉ ደራ ስል ኖሬያለሁ።

በር ሲዘጋ ደግሞ ዘፈን አልከፍትም። ለአክስቶች ማይክ እሰጥና እጄን ኪሴ እከታለሁ። አክስቴ የኔነሽ ከዚያ በቀጠለው ሰርግ የቡሬን ሰዎች ከደጅ አቁማ አቁማ፣ ሙሽራው ራሱ በግጥም ካልለመነኝ ብላ አስለምናዋለች። እኔንም ይቅር ብላኛለች፤ ጆሮዬን ግን አሁንም ስታገኘኝ ትነካካዋለች።

ከማስቲ ጋር አሁን አብረን ነው የምንሠራው። የቤዝ ሳጥኑን እንድሸጠው መክራኝ ነበር፤ ገዢ ስላልተገኘ እናቴ ድንች ታስቀምጥበታለች። «አገባሃት ወይ?» ለምትሉኝ፣ ሽማግሌ ልኬያለሁ። የላክኋቸው አያ ደምሌን ነው፤ ስለዚህ መልሱ ትንሽ ይዘገያል።

አባቴም ወደ ሰርግና ወደ ሽምግልና ተመልሷል። ያችን ቁንጥጫ የምታህል ማይክ ጋቢው ላይ ቆንጥጦ ይሄዳል፤ ከኋላው እኛ ትንሿን ስፒከር ተሸክመን እንከተላለን። አንዳንዴ መሐል ላይ ቆም ብሎ «ፉጨት አላት፣ አስተካክላት» ይለኛል፤ ሙያተኛ ሆኖብኛል። ግን አንድ ነገር ከውስጤ አልወጣ አለ። ያን ዕለት ጓዳ ውስጥ ስለ እኔ ለእናቴ የነገራትን ለእኔ ፊት ለፊት ተናግሮት አያውቅም፤ ከዚያ ወዲህም አልተናገረውም። ባለፈው ከሰርግ ስንመለስ በመንገድ ላይ ጠየቅሁት።

«አባ፣ የትርንጎ ሰርግ ቀን፣ ጓዳ ገብተው ከእማ ጋር ሲያወሩ፣ ማይኳ ክፍት እንደነበረች፣ መብራቷም አረንጓዴ እንደሆነ አላወቁም ነበር አይደል?»

ጋቢውን አስተካከለ።

«እኔን ያመመኝ ጉሮሮዬ ነው» አለኝ። «ዓይኔ ምን ሆነ?»